የታዳጊዎች እግር ኳስ ዳኝነት

የታዳጊዎች እግር ኳስ ዳኝነት ለአዋቂዎች ውድድር ያልደረሱ ልጆች በሚጫወቱት እግር ኳስ የጨዋታውን ሕግ የማስከበርና የተጫዋቾቹን ደኅንነት የመጠበቅ ሥራ ነው። ዳኛው የሚሠራው በአዋቂዎች ጨዋታ በሚሠራባቸው 17 ሕጎች ነው። ሆኖም የሜዳው ስፋት፣ የኳሷ መጠን፣ የጨዋታው ርዝመትና የቅጣቱ ዓይነት እንደ ልጆቹ ዕድሜ ሊለወጥ ይችላል። በኢትዮጵያ አብዛኛው ዳኛ ፊሽካ መንፋት የሚጀምረው በትምህርት ቤቶች፣ በቀበሌና በወረዳ ውድድሮች በመሆኑ የታዳጊዎች ጨዋታ የዳኝነት የመጀመሪያ ትምህርት ቤትም ነው።

ስያሜ

በአማርኛ «ዳኛ» የሚለው ቃል በፍርድ ቤት ለሚፈርደውም በሜዳ ለሚፈርደውም ያገለግላል። ጨዋታውን የሚመራው «የመሀል ዳኛ» ወይም «ዋና ዳኛ» ይባላል። ባንዲራ ይዘው በመስመር ላይ የሚሮጡት ሁለቱ በተለምዶ «የመስመር ዳኛ» ይባሉ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ግን መደበኛ ስማቸው «ረዳት ዳኛ» ሆኗል። ለፍጹም ቅጣት ምት በአገራችን የሚነገረው «ሪጎሬ» የሚለው ስም ከጣልያንኛ የመጣ ነው።

አጭር ታሪክ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በእንግሊዝ የእግር ኳስ ሕግ ሲጻፍ በሜዳ ውስጥ የሚፈርድ ዳኛ አልነበረም። የቡድን አምበሎች ተነጋግረው ይስማሙ ነበር። ቆይቶ እያንዳንዱ ቡድን አንድ አንድ ዳኛ ማቅረብ ጀመረ። ሁለቱ ካልተስማሙ ጉዳዩ ከሜዳ ውጪ ለሚቀመጥ ሦስተኛ ሰው ይቀርብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1891 ይህ ሦስተኛ ሰው ወደ ሜዳ ገብቶ ብቸኛ ፈራጅ ሆነ፤ ሁለቱ የቡድን ዳኞችም ወደ መስመር ወጡ። ፍጹም ቅጣት ምት ወደ ሕጉ የገባውም በዚያው ዓመት ነው።

ሕጎቹን የሚያወጣው እ.ኤ.አ. በ1886 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የእግር ኳስ ማኅበራት ቦርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 እንግሊዛዊው ስታንሊ ሩስ ሕጎቹን አሁን በሚታወቁበት በ17 ክፍል አቀናብረው ጻፉ። እሳቸው ራሳቸው ዳኛ የነበሩ ሲሆን፣ የመሀል ዳኛው ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ እንዲሮጥ የሚያደርገው አሠራር እንዲስፋፋም ያደረጉ ናቸው።

ቢጫና ቀይ ካርድ የእንግሊዛዊው ዳኛ ኬን አስተን ሐሳብ ነው። ሐሳቡን ያመነጩት ከትራፊክ መብራት ሲሆን፣ ዓላማቸው ቋንቋ የማይግባቡ ዳኛና ተጫዋች ውሳኔውን በዓይን እንዲረዱት ማድረግ ነበር። ካርዶቹ በዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራባቸው እ.ኤ.አ. በ1970 በሜክሲኮ ነው። በዚሁ ውድድር ኢትዮጵያዊው ሥዩም ታረቀኝ ከዳኞቹ አንዱ ነበሩ። እስራኤልና ስዊድን 1 ለ 1 የተለያዩበትን ጨዋታ በመሀል ዳኝነት መርተዋል።

ሕጎቹ እንዴት ይጠናሉ?

17ቱ ሕጎች በአራት ቡድን ተከፍለው ቢታዩ ለጀማሪ ይቀላሉ።

• ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የሚታዩ፦ ሜዳ (1)፣ ኳስ (2)፣ ተጫዋቾች (3)፣ ትጥቅ (4)።
• ስለ ፈራጆቹና ስለ ጊዜ፦ ዳኛ (5)፣ ሌሎች የጨዋታ ዳኞች (6)፣ የጨዋታ ጊዜ (7)።
• ስለ ጨዋታው ሂደት፦ ጨዋታ ስለ መጀመርና ስለ መቀጠል (8)፣ ኳስ በጨዋታ ውስጥና ውጪ ስለ መሆኗ (9)፣ ስለ ውጤት (10)፣ ከጨዋታ ውጪ ወይም ኦፍሳይድ (11)፣ ጥፋትና የሥነ ምግባር ጉድለት (12)።
• ጨዋታው ስለሚቀጥልባቸው ምቶች፦ ቅጣት ምት (13)፣ ፍጹም ቅጣት ምት (14)፣ የእጅ ውርወራ (15)፣ የመልስ ምት (16)፣ የማዕዘን ምት (17)።

ቁጥሮቹን በቃል መያዝ ቀላሉ ክፍል ነው። ለአዋቂዎች ሜዳው ከ90 እስከ 120 ሜትር ርዝመት፣ ከ45 እስከ 90 ሜትር ወርድ ይኖረዋል። የግቡ ወርድ 7.32 ሜትር፣ ከፍታው 2.44 ሜትር ነው። የፍጹም ቅጣት ምት ነጥብ ከግቡ መስመር 11 ሜትር ላይ ትገኛለች። በቅጣት ምት ጊዜ ተከላካዮች 9.15 ሜትር መራቅ አለባቸው። አንድ ቡድን ከ7 ተጫዋቾች በታች ከሆነ ጨዋታው አይጀመርም፣ አይቀጥልምም።

ከባዱ ክፍል የተፈጠረውን ነገር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ ሕጉ ማምጣት ነው። ለዚህ በሥልጠና ላይ የሚረዳው ጥያቄዎቹን ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል መጠየቅ ነው። አንደኛ፣ ኳሷ በጨዋታ ውስጥ ነበረች? ሁለተኛ፣ የተፈጠረው ጥፋት ነው? ሦስተኛ፣ ጥፋቱ የተፈጸመው የት ነው? አራተኛ፣ ካርድ ያሰጣል? አምስተኛ፣ ጨዋታው በምን ይቀጥላል?

የመጀመሪያው ጥያቄ በጀማሪዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ኳሷ ከመስመር ወጥታ ሳለ አንድ ልጅ ተጋጣሚውን ቢገፈትር ዳኛው ካርድ ሊያሳየው ይችላል። ጨዋታው የሚቀጥለው ግን ቀድሞ በተወሰነው የእጅ ውርወራ ነው። ጥፋቱ በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ቢፈጸም እንኳ ኳሷ በጨዋታ ውስጥ ስላልነበረች ፍጹም ቅጣት ምት አይሰጥም።

የጥፋት ሦስት ደረጃዎች

ሕግ 12 በአካል ንክኪ የሚፈጸሙ ጥፋቶችን በሦስት ደረጃ ይለያል። ተጫዋቹ ጥንቃቄ ጎድሎት ከሆነ ቅጣት ምት ብቻ ይሰጣል፤ ካርድ የለም። በተጋጣሚው ላይ የሚደርሰውን አደጋ ችላ ብሎ በግዴለሽነት የገባ ከሆነ ቢጫ ካርድ ይታከልበታል። ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል ተጠቅሞ የሌላውን አካል ለአደጋ ካጋለጠ ቀይ ካርድ ነው። በታዳጊዎች ጨዋታ አብዛኛው ጥፋት በመጀመሪያው ደረጃ ይወድቃል። የ12 ዓመት ልጅ አካሉ በፍጥነት እያደገ ስለሆነ እግሩ የት እንደሚያርፍ ሁልጊዜ አይቆጣጠርም። ስለዚህ ዳኛው መዘግየትን ከክፋት መለየት ይጠበቅበታል።

ኦፍሳይድ

አንድ ተጫዋች በተጋጣሚው የሜዳ ክፍል ሆኖ ከኳሷም ከሁለተኛው የመጨረሻ ተከላካይም ይልቅ ወደ ግቡ መስመር ከቀረበ በኦፍሳይድ ቦታ ላይ ነው ይባላል። ግብ ጠባቂውም ከተከላካዮቹ ጋር ይቆጠራል። የሚለካው በጭንቅላት፣ በአካልና በእግር ነው፤ እጅና ክንድ አይቆጠሩም። እኩል መስመር ላይ ያለ ተጫዋች በኦፍሳይድ ቦታ ላይ አይደለም። በኦፍሳይድ ቦታ መቆም በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው የቡድን ጓደኛው ኳሷን በነካበት ቅጽበት እዚያ የነበረው ተጫዋች ከዚያ በኋላ በጨዋታው ሲሳተፍ፣ ተጋጣሚን ሲያውክ ወይም ከቦታው ጥቅም ሲያገኝ ነው። ከመልስ ምት፣ ከእጅ ውርወራና ከማዕዘን ምት በቀጥታ ለሚቀበል ተጫዋች ኦፍሳይድ የለም።

በሰፊው የተለመዱ የተሳሳቱ ግንዛቤዎች

በሜዳ ዳር የሚሰማው ጩኸት ብዙ ጊዜ ሕጉን ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ጀማሪ ዳኛ እነዚህን አስቀድሞ ቢያውቅ በጩኸቱ አይናወጥም።

• «መጀመሪያ ኳሷን ነክቷል፣ ጥፋት የለም።» ስሕተት ነው። ኳሷን ከነካ በኋላ ወይም እየነካ ተጋጣሚውን በግዴለሽነት የመታ ተጫዋች ይቀጣል።
• «እጁን ነክቷል፣ ቅጣት ነው!» ኳሷ እጅ በነካች ቁጥር ጥፋት አይሆንም። ተጫዋቹ ሆን ብሎ ከነካ፣ ወይም እጁን ከተፈጥሯዊ እንቅስቃሴው ውጪ ዘርግቶ አካሉን ካሰፋ ጥፋት ነው። አጥቂ በእጁ ነክቷት በቀጥታ የገባች ኳስ ግን ሳያስበው ቢሆንም ግብ አትሆንም።
• «የመጨረሻው ተከላካይ ነው፣ ቀይ ይገባዋል።» ሕጉ ስለ መጨረሻ ተከላካይ አይናገርም። የሚታየው ግልጽ የግብ ዕድል መበላሸቱ ነው፦ ከግቡ ያለው ርቀት፣ የጨዋታው አቅጣጫ፣ ኳሷን የመቆጣጠር ዕድልና የተከላካዮች ቁጥርና ቦታ።
• «ኳሷ መስመሩን ነክታለች፣ ወጥታለች።» መስመሩ የሜዳው አካል ነው። ኳሷ ወጣች የምትባለው መላ አካሏ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ሲያልፍ ነው። ግብም የሚቆጠረው በዚሁ ሕግ ነው።
• «በእጅ ውርወራ በቀጥታ አገባ!» በቀጥታ በተጋጣሚ ግብ ከገባች ግብ አይደለም፤ ጨዋታው በመልስ ምት ይቀጥላል። በራስ ግብ ከገባች ደግሞ የማዕዘን ምት ይሆናል።

ሕጎቹ በየዓመቱ ይሻሻላሉ፤ ለውጡም ሥራ ላይ የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ ከጁላይ 1 (ሰኔ 24) ጀምሮ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ኳሷን በእጁ ከ8 ሰከንድ በላይ የያዘ ግብ ጠባቂ በተጋጣሚው የማዕዘን ምት ይቀጣል። ዳኛውም የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች እጁን አንሥቶ ይቆጥራል። ቀድሞ የነበረው ገደብ 6 ሰከንድ፣ ቅጣቱም ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ነበር። ከዓመታት በፊት የተማረውን ብቻ ይዞ የሚፈርድ ዳኛ ሳያውቅ ይሳሳታል ማለት ነው።

ለታዳጊዎች የሚፈቀዱ ለውጦች

ቦርዱ የየአገሩ ፌዴሬሽን ለታዳጊዎች፣ ለአንጋፋዎች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በታችኛው እርከን ለሚካሄዱ ውድድሮች አንዳንድ ነገሮችን እንዲቀይር ይፈቅዳል። ከእነዚህም መካከል የሜዳው ስፋት፣ የኳሷ መጠንና ክብደት፣ የግቡ ወርድና ከፍታ፣ እኩል የሆኑት የሁለቱ አጋማሾች ርዝመት፣ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ እንዲገባ መፍቀድና ጊዜያዊ ከሜዳ ማስወጣት ይገኙበታል።

የአዋቂዎች ኳስ 5 ቁጥር ስትሆን ዙሪያዋ ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ከ410 እስከ 450 ግራም ነው። ለትንንሽ ልጆች 3 ቁጥርና 4 ቁጥር ኳሶች ይመረጣሉ። ተጫዋች ተመልሶ እንዲገባ መፍቀድ ሁሉም ልጅ የመጫወት ዕድል እንዲያገኝ ይረዳል።

ጊዜያዊ ከሜዳ ማስወጣት ቢጫ ካርድ ያየ ልጅ ከጠቅላላው የጨዋታ ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን ውጪ ተቀምጦ እንዲያሳልፍና እንዲመለስ ያደርጋል። በ60 ደቂቃ ጨዋታ ከ6 እስከ 9 ደቂቃ ማለት ነው። የዚህ ጥቅሙ ልጁ ጥፋቱን በዚያው ቀን ማሰቡና ተረጋግቶ መመለሱ ነው።

በአንዳንድ አገሮች በጭንቅላት መምታትም ተገድቧል። የዩናይትድ ስቴትስ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ኳስ በጭንቅላት እንዳይመቱ ወስኗል። ምክንያቱ በልጅ አንጎል ላይ የሚደርስ ጉዳት ሥጋት ነው።

ዳኛው ለራሱ መለወጥ የማይችለው ነገር አለ። የአዘጋጁ የውድድር ደንብ ሳይፈቅድ «ልጆች ናቸው» ብሎ ሕግ መተው አይችልም። ስለዚህ ከጨዋታው በፊት ማንበብ ያለበት ሁለት ጽሑፍ ነው፦ የጨዋታውን ሕግና የውድድሩን ደንብ።

ከጨዋታ በፊት፦ የደኅንነት ፍተሻ

በታዳጊዎች ጨዋታ የዳኛው የመጀመሪያ ሥራ ሜዳውን ዞሮ ማየት ነው። ሕግ 1 ግቦች መሬት ላይ በሚገባ እንዲጸኑ ያዝዛል። ተንቀሳቃሽ ግብ ካልተያዘ ልጅ ሲንጠለጠልበት ሊወድቅ ይችላል። በተለያዩ አገሮች ልጆች በወደቀ ግብ ተመትተው ሞተዋል። ከባሕር ዛፍ እንጨት የተሠራ ግብም ከሥሩ በስብሶ እንደሆነ በእጅ ወዝውዞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ግቡ የማይጸና ከሆነ ዳኛው ጨዋታውን አለመጀመር ይችላል፤ ይህን ማድረግም ይገባዋል።

ቀጥሎ ድንጋይ፣ ጉድጓድ፣ የተሰበረ ጠርሙስና ሽቦ ይታያል። ሕግ 4 ተጫዋቾች ሹራብ፣ ቁምጣ፣ ካልሲ፣ የቅልጥም መከላከያና ጫማ እንዲያደርጉ ይጠይቃል። ቀለበት፣ የጆሮ ጌጥ፣ የአንገት ሐብልና የእጅ አምባር አይፈቀዱም፤ በፕላስተር መሸፈንም አይበቃም። የገጠር ልጆች መደበኛ ባልሆነ ጨዋታ በባዶ እግራቸው ወይም በኮንጎ ጫማ ይጫወታሉ። በመደበኛ ውድድር ግን አንዱ ቡድን ታኬታ አጥልቆ ሌላው ባዶ እግሩን ከሆነ ጉዳት መድረሱ አይቀርም። ስለዚህ የትጥቁ ጉዳይ ከጨዋታው ቀን በፊት ለአዘጋጆችና ለአሠልጣኞች መነገር አለበት።

ዕድሜም በታዳጊዎች ውድድር ዘወትር የሚያከራክር ጉዳይ ነው። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን (ፊፋ) እ.ኤ.አ. በ2009 ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓ ምርመራ እስከ ማድረግ ደርሷል። በታችኛው እርከን የዳኛው ድርሻ የተጫዋቹን መታወቂያ ከቀረበው ዝርዝር ጋር ማመሳከርና ክስ ካለ በሪፖርቱ መጻፍ ነው። «ይህ ልጅ ትልቅ ይመስላል» ብሎ በራሱ ግምት ከሜዳ አያስወጣም። ፍርዱ የአዘጋጁ አካል ነው።

በጨዋታ ጊዜ

ሦስት ዳኞች ካሉ የመሀል ዳኛው በሰያፍ ይሮጣል፤ ጨዋታውም በእሱና በረዳቱ መካከል ይሆናል። ረዳቱ ከሁለተኛው የመጨረሻ ተከላካይ ጋር እኩል ይቆማል፤ ኳሷ ከተከላካዩ ይልቅ ለግቡ ከቀረበች ደግሞ ከኳሷ ጋር ይሄዳል። በትምህርት ቤት ጨዋታ ብዙ ጊዜ ዳኛው ብቻውን ነው። ያኔ ከየቡድኑ አንድ ተቀያሪ ባንዲራ እንዲይዝ ይጠየቃል፤ የሚያመለክተውም ኳሷ መውጣቷን ብቻ ነው። ኦፍሳይድንና ጥፋትን የሚወስነው ዳኛው ነው።

ፊሽካው ለተጫዋቾቹ የዳኛው ድምፅ ነው። ለተራ ጥፋት አጭር፣ ለከባድ ጥፋት ጠንከርና ረዘም ያለ ይነፋል። ኳሷ ከመስመር መውጣቷ ለሁሉም ግልጽ ከሆነ መንፋት አያስፈልግም። ለቀጥተኛ ቅጣት ምት አቅጣጫውን በእጅ ማሳየት ይበቃል። ቀጥተኛ ላልሆነ ቅጣት ምት አንድ እጅ ከራስ በላይ ይነሣል፤ ኳሷ ሌላ ተጫዋች እስክትነካ፣ ከጨዋታ እስክትወጣ ወይም በቀጥታ ግብ ልትሆን እንደማትችል እስኪታይ ድረስም አይወርድም። ጥፋት የተፈጸመበት ቡድን ጨዋታው ቢቀጥል የሚጠቀም ከሆነ ዳኛው እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ አድቫንቴጅ ይሰጣል። የታሰበው ጥቅም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ካልተገኘ ወደ ጥፋቱ ተመልሶ መቅጣት ይችላል። በትንንሽ ልጆች ዘንድ ግን የተመታ ልጅ ሊያለቅስ ወይም ሊበቀል ስለሚችል አድቫንቴጅ መስጠት የሚገባው ጥቅሙ ፍጹም ግልጽ ሲሆን ነው።

ዳኛው መሳሳቱን ካወቀና ጨዋታው ገና ካልቀጠለ ውሳኔውን መለወጥ ይችላል። ጨዋታው ከቀጠለ በኋላ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ ውሳኔ አይሰጥም። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲኖር ረዳቱን ለማየት አንድ ሰከንድ መታገሥ ይጠቅማል።

በዳኞች ዘንድ «18ኛው ሕግ» የሚባል ያልተጻፈ ሕግ አለ፦ ማስተዋል። የ9 ዓመት ልጅ የእጅ ውርወራውን ሲያበላሽ ሁለቱም እግሮቹ መሬት መንካት እንዳለባቸውና ኳሷን ከራሱ ጀርባ አምጥቶ በራሱ ላይ አሳልፎ መወርወር እንዳለበት በአጭር ቃል መንገር የዳኛውን ክብር አይቀንስም።

የዳኛው ደኅንነትና ነፃነት

በታዳጊዎች ጨዋታ ጀማሪ ዳኛን ከሥራው የሚያባርረው ከልጆቹ ይልቅ በሜዳ ዳር ያለው አዋቂ ነው። ስድብና ዛቻ በበዛበት ቦታ ዳኛው ሕጉን ከመከተል ይልቅ ወደሚጮኸው ወገን ማዘንበል ይጀምራል፤ አለዚያም ሥራውን ይተዋል። ዳኛ ከሌለ ደግሞ ውድድር አይኖርም። ሕግ 5 ዳኛው ኃላፊነት በጎደለው መንገድ የሚሠራን አሠልጣኝ በካርድ እንዲያስጠነቅቅ ወይም እንዲያስወጣ ሥልጣን ይሰጠዋል። የተመልካች ረብሻ ከበዛም ጨዋታውን ማቆም፣ ለጊዜው ማቋረጥ ወይም ጨርሶ መዝጋት ይችላል።

የሚመከረው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። ጨዋታውን አስቁሞ የቡድኑን ኃላፊ ጠርቶ መንገር፤ ካልተስተካከለ ቡድኖቹን ወደ ሜዳ ዳር ማውጣት፤ አሁንም ካልሆነ መዝጋትና ያየውን በዚያው ቀን በሪፖርት ማስፈር። ሪፖርቱ ስሜትን አይጽፍም፤ ደቂቃውን፣ የመለያ ቁጥሩን፣ የተነገረውን ቃልና የተወሰደውን እርምጃ ብቻ ይጽፋል።

ዳኛው የራሱን ነፃነትም መጠበቅ አለበት። ወንድሙ ወይም ተማሪው የሚጫወትበትን ጨዋታ አለመዳኘት፣ ከአንዱ ቡድን ጋር በአንድ መኪና አለመሄድና ከጨዋታ በፊት ግብዣ አለመቀበል ይጠበቅበታል። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ ይህ አስቸጋሪ ነው፤ ይበልጥ የሚያስፈልገውም እዚያው ነው።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች፤ በ1962 ደግሞ የአፍሪካ ዋንጫን አዘጋጅታ አሸንፋለች። ይድነቃቸው ተሰማ ከ1972 እስከ 1987 ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

በአገሪቱ የዳኝነት እርከን ሥልጠናው ከታች ይጀምራል፤ በላይኛው እርከን ፌዴራል ዳኛና ኢንተርናሽናል ዳኛ የሚባሉ ደረጃዎች አሉ። ከኢንተርናሽናል ዳኞች መካከል ባምላክ ተሰማ እ.ኤ.አ. በ2018 ለሩስያው ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ስድስት አፍሪካውያን የመሀል ዳኞች አንዱ ነበሩ። ሊዲያ ታፈሰ በ2015 በካናዳና በ2019 በፈረንሳይ በተካሄዱት የሴቶች ዓለም ዋንጫዎች ተመርጠው ሠርተዋል። ሊዲያ በትምህርታቸው የፋርማሲ ባለሙያ ናቸው፤ በወጣትነታቸውም ቅርጫት ኳስ ይጫወቱ ነበር። ይህም ዳኝነት የግድ ታዋቂ እግር ኳስ ተጫዋች ለነበረ ሰው ብቻ የተተወ አለመሆኑን ያሳያል።

የኢንተርናሽናል ወንድ ዳኛ የአካል ብቃት ፈተና 40 ሜትርን 6 ጊዜ በፍጥነት መሮጥን፣ ቀጥሎም 75 ሜትር በ15 ሰከንድ ሮጦ 25 ሜትር በ18 ሰከንድ መራመድን 40 ጊዜ መድገምን ያካትታል። በድምሩ 4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለታዳጊዎች ጨዋታ ይህን ያህል አይጠየቅም። ነገር ግን ኳሷ ካለችበት 50 ሜትር ርቆ የፈረደ ዳኛ ውሳኔው ትክክል ቢሆንም የሚያምነው የለም።

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የጎጃም ደጋ ላይ ትገኛለች። በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ደጋ የሚዳኝ ሰው ሊያስባቸው የሚገቡ ሁለት የተፈጥሮ ነገሮች አሉ።

አንደኛው ከፍታው ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ በረጅሙ የተመታች ኳስ ከቆላው ይልቅ ርቃ ትሄዳለች። ከቆላ የመጡ ልጆችም ቶሎ ይደክማቸዋል። ስለዚህ ዳኛው ለረጅም ኳስ ቀድሞ መዘጋጀት፣ ለውኃ ዕረፍትና ለደከመ ልጅም ትኩረት መስጠት ይገባዋል።

ሁለተኛው ዝናብና መብረቅ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ኳስ ለመጫወት ጊዜ የሚያገኙበት ክረምት፣ የጮቄ ተራራን የከበበው ደጋ ከባድ ዝናብና ነጎድጓድ የሚያገኝበት ወቅትም ነው። ገላጣ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ለመብረቅ የተጋለጠ ነው፤ ብቸኛ ዛፍ ሥር መጠለልም አደጋውን ያብሳል። ነጎድጓድ ከተሰማ ጨዋታው ይቆማል፤ ልጆቹም ወደ ቤት ወይም ወደ መኪና ይገባሉ። በሰፊው የሚሠራበት የጥንቃቄ መመሪያ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሜዳ መመለስን ይከለክላል። «5 ደቂቃ ብቻ ቀርቶታል» የሚል አሠልጣኝ ቢኖርም ውሳኔው የዳኛው ነው።

ከገና ጨዋታ ጋር ሲነጻጸር

የጎጃም ልጅ ደንብ ያለው ጨዋታ የሚያውቀው ከእግር ኳስ በፊት ነው። ታኅሣሥ 29 በሚከበረው የልደት በዓል የሚዘወተረው የገና ጨዋታ ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ ሩር ወይም ጥንግ የምትባለውን ኳስ እየመቱ የሚጫወቱት ነው። በባህላዊ መልኩ የተጫዋች ቁጥር አልተወሰነም፤ ሜዳውም መስመር የለውም። ፊሽካ የያዘ ዳኛ ሳይኖር ጠቡን የሚያበርዱት ተጫዋቾቹ ራሳቸውና ሽማግሌዎች ናቸው። በዚያ ቀን በጨዋታ ለደረሰ ነገር ባለ ማዕረግ እንኳ እንዳይቆጣ ልማዱ ያዝዛል። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽን በሚመራቸው ውድድሮች ግን ገና የተጻፈ ደንብና ዳኛ አለው።

ይህ ለውጥ በእንግሊዝ እግር ኳስ ከደረሰው ጋር ይመሳሰላል። ሁለት ጎረቤት መንደሮች ሲጫወቱ መተዋወቁና ይሉኝታው ይበቃ ነበር። የማይተዋወቁ ቡድኖች ለዋንጫ ሲገናኙ ግን ለሁለቱም የማይወግን ሦስተኛ ሰው አስፈለገ። በሌሎች ስፖርቶችም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ በቤዝቦል ዳኛው ከኳስ ተቀባዩ ጀርባ ቆሞ እያንዳንዷ የተወረወረች ኳስ በተፈቀደው ክልል ውስጥ ማለፍ አለማለፏን ይወስናል። ስፖርቱ ይለያይ እንጂ ልጆች ከዳኛ የሚጠብቁት አንድ ነው፦ ዛሬ በእኛ ላይ የተፈረደው ነገ በእነሱም ላይ ይፈረዳል ብለው ማመን መቻል።

ደግሞ ይዩ

• እግር ኳስ
• የገና ጨዋታ
• ይድነቃቸው ተሰማ
• ደብረ ማርቆስ